የምሳ ዕቃው እንዴት ተመልሶ ይመጣል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ ምግብ ቤት አለኝ፤ በቀን 40 ያህል ምሳ ለሱቆችና ለቢሮዎች እልካለሁ። እስካሁን የምልከው በፎምና በፌስታል ነው፤ ማታ የሚጣለውን ክምር ሳየው ያሳዝነኛል። በሚመለስ ዕቃ ልተካው ብልም ይጠፋብኛል ብዬ ፈራሁ። ስንት ልግዛ? እንዴትስ ልጠበው?

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አመላለሱ ነው። 40 ዕቃ ብቻ ገዝተው ከጀመሩ በሁለተኛው ቀን ይቆማሉ፤ የትናንቱ ገና ደንበኛው ዘንድ ነውና። ለእያንዳንዱ ምሳ ሁለት ዕቃ ይያዙ፤ 10 መጠባበቂያ ሲጨመር 90 ይሆናል። ይህ ከከበደዎ በ10 ቋሚ ደንበኞችና በ22 ዕቃ ይጀምሩ።

ደንበኛው ለዕቃው የሚያስይዘው ገንዘብ (ማስያዣው) ዕቃው የተገዛበትን ዋጋ ያህል ይሁን። ካነሰ፣ ዕቃውን ማስቀረት ለደንበኛው ርካሽ ግዢ ይሆንለታል። ማስያዣ የሚቀበሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ባዶው ሲመለስ አዲሱ ምሳ ይሰጣል። ባዶውንም ምሳ የሚያደርሰው ልጅ ራሱ ይሰብስብ። ቀድሞ የሚጠፋው ክዳኑ ስለሆነ፣ በክዳኑና በዕቃው ላይ በማይለቅ ቀለም አንድ ዓይነት ቁጥር ይጻፉ።

የማይዝግ ብረት ቢሆን እንመርጣለን። ፕላስቲክ ከሆነ ከሥሩ 5 ቁጥር የታተመበትን ይግዙ፤ ትኩስ ወጥ ይችላል። 6 ቁጥር የፎሙ ዘር ነው፤ 100 ዲግሪ ገደማ ላይ ይለሰልሳል፣ ዘይት የበዛበት ትኩስ ጥብስ ሲገባበትማ ይብሳል።

ሽሮ ሲሞሉ ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይተዉ፤ የደሴን ዳገትና ቁልቁለት ሲወጣና ሲወርድ ይደፋል። እየፈላ ግጥም አድርገው ከዘጉት ደግሞ ውስጡ ያለው እንፋሎት ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ አልከፈት ይላል፤ ስለዚህ ሁለት ደቂቃ ያስተንፍሱት። እንጀራውን ለብቻው በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅልሉት። ጨርቁ ላቡን ይመጥጣል፤ ፌስታል ግን መልሶ እንጀራው ላይ ያንጠባጥበዋል።

የደረቀ ሽሮ ያለበትን ዕቃ መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ 10 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠቡ፣ ያለቅልቁ። ከዚያ በ5 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው በረኪና ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨምረው ዕቃውን ሁለት ደቂቃ ያቆዩት። ብረቱን በረኪና ውስጥ አያሳድሩት፤ ይቦረቡረዋል። በረኪና ካልፈለጉ 77 ዲግሪ በደረሰ ውሃ ውስጥ 30 ሰከንድ መንከር ይበቃል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። በመጨረሻ ደፍተው በአየር ያድርቁ። በእርጥብ ጨርቅ ከወለወሉት ያጠቡትን ጀርም ይመልሱበታል።

ጥያቄ፦ በ2017 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ፌስታል ስለተከለከለ ሳምቡሳ በጋዜጣና በተጻፈበት ደብተር ወረቀት መጠቅለል ጀምረናል። ይሻላል? (ኮምቦልቻ)

መልስ፦ ፌስታሉን መተውዎ መልካም ነው፤ ቀለም ያለበትን ወረቀት ግን ይተዉት። ትኩስ ዘይት የጋዜጣውንም የእስክሪብቶውንም ቀለም አሟሟቶ ወደ ሳምቡሳው ያስገባል። ሳምቡሳውን መጀመሪያ በሽቦ ወንፊት ላይ ጥቂት ደቂቃ ያጠንፍፉት፤ ዘይቱ ካልወረደ የትኛውም ወረቀት ይቀደዳል። ከዚያ ምንም ያልታተመበት ነጭ ወይም ቡናማ ወረቀት ይጠቀሙ። ኮባ ካገኙም ግሩም ነው። ሁለቱንም ፊት አጥበው ያድርቁት፣ ወፍራሙን አከርካሪ ቆርጠው ያውጡ፣ እሳት ላይ ለጥቂት ሰከንድ ያሳልፉት። ሳይለበለብ ከተጠቀለለ ይሰነጠቃል። ሳህን ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ቅናሽ ማድረግም ያዋጣል፤ የወረቀቱ ወጪ ይቀርልዎታል።

ጥያቄ፦ ቤት የተጠራቀመውን ፌስታል ከሰል ማቀጣጠያ ብናደርገውስ? (ደሴ)

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። ጭሱ መርዛማ ነው፤ ከሰሉ ላይ የሚጠበሰውም ሥጋ ያንኑ ጭስ ይቀበላል። ለማቀጣጠያ ጭራሮና የበቆሎ ቆረቆንዳ ይበቃል። ቦይ ውስጥም አይጣሉት፤ ጎርፍ ወደ ቦርከና ይወስደዋል፣ ቦርከና ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ። የወጥ ጨው የቀረበትን ፌስታል ላም ትበላዋለች፤ አይፈጭላትም፣ ሆዷ ውስጥ ተጠቅልሎ ይዘጋታል። ያለዎትን አጥበው፣ ገልብጠው አድርቀው፣ እስኪቀደድ ድረስ ቤት ውስጥ ይገልገሉበት።