ምስልን በቁጥር ማየት ይቻላልን?

ጥያቄ፦ የሥነ ጥበብ ተማሪ ነኝ። አያቴ ፎቶ ቤት ስለ ነበራቸው ወደ 2,000 የሚጠጉ የሰው ፎቶግራፎች በእጄ ይገኛሉ። የመመረቂያ ጽሑፌን በእነዚህ ላይ ስሠራ መምህሬ የሌቭ ማኖቪችን ዘዴ እንድመለከት መክረውኛል። እኚህ ሰው ማን ናቸው? ምስልን በኮምፒውተር መለካትስ ከማየት ይቆጠራል ወይ?
(ከደሴ)

መልስ፦ ሌቭ ማኖቪች እ.ኤ.አ. በ1960 በሞስኮ ተወልደው በ1981 ወደ ኒውዮርክ የሄዱ፣ በኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ማዕከል የሚያስተምሩ የዲጂታል ሚዲያ ምሁር ናቸው። በኮምፒውተር ውስጥ ያለ ምስል በመሠረቱ ቁጥር በመሆኑ እንደ ቁጥር ሊሰላም ይችላል የሚለው ሐሳብ በሥራቸው ሁሉ ይገኛል።

እርስዎን የሚጠቅመው ግን ከተመራማሪው ጄረሚ ዳግላስ ጋር በ2009 የሠሩት ነው። ከ1923 ጀምሮ የወጡትን 4,535 የታይም መጽሔት ሽፋኖች በቀናቸው ተራ በአንድ ሰሌዳ ላይ ደረደሯቸው። ሰሌዳውን ከላይ ጀምሮ ረድፍ በረድፍ ሲከተሉት መጀመሪያ ጥቁርና ነጭ ገጾች፣ ቆይቶም ቀለም እየበረታ ሲመጣ ይታያል፤ ወደ መጨረሻዎቹ ዓመታት ሲደርሱ ደግሞ ድምቀቱ መልሶ ይቀንሳል። ይህን ለውጥ መጽሔቱን በየሳምንቱ ይገዛ የነበረ አንባቢ ሊያስተውለው አይችልም ነበር፤ ከሳምንት ሳምንት የነበረው ልዩነት እጅግ ትንሽ ነበርና። የዘዴው ትልቅ ዋጋ ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

ማየት ግን አይቀርም። በ2014 ከባንኮክ፣ ከበርሊን፣ ከሞስኮ፣ ከኒውዮርክና ከሳኦ ፓውሎ 640፣ 640 የኢንስታግራም ሰልፊዎችን ሲያጠኑ፣ ሶፍትዌሩ የፊት አቀማመጥንና ፈገግታን ከመለካቱ በፊት የትኛው ምስል ሰልፊ እንደ ሆነ የለዩት በዓይናቸው የተመለከቱ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ላይ፣ ፎቶውን በኢንስታግራም የሚለጥፍ ሰው ከተማውን በሙሉ አይወክልም።

በአያትዎ ፎቶዎች ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የወየበ ፎቶ ሲለካ የሚገኘው ቁጥር ፎቶ አንሺው የመረጠውን ብርሃን ሳይሆን ወረቀቱ የደረሰበትን ጉዳት ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ብርሃን ስካን ያድርጉ፤ ኔጋቲቩ ካለ ከኅትመቱ ጋር ያስተያዩት፤ ከቀለሙም ይልቅ ከሰዎቹ ጀርባ የተዘረጋውን መጋረጃ፣ የእጃቸውን አቀማመጥና ከካሜራው ያላቸውን ርቀት ይመዝግቡ። በዓመት ተራ ከደረደሯቸው በኋላ ከጎረቤቶቹ የተለየ ሆኖ የሚወጣውን እያንዳንዱን ፎቶ ከሣጥኑ አውጥተው በእጅዎ ይያዙት፤ ገልብጠውም በጀርባው የተጻፈ ነገር መኖሩን ይመልከቱ።