የሙዚቃ ጥያቄዎቻችሁ፦ አልተርኔቲቭ ሮክን ከየት እንጀምር? ኮንሰርት ላይስ የት እንቁም?

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አልተርኔቲቭ ሮክ (ከተለመደው የገበያ ሮክ ወጣ ያለ የጊታር ሙዚቃ) ባንዶችና ስለ ኮንሰርቶቻቸው ናቸው። ለዚህ እትም አምስቱን መርጠናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ ቀን ከሌት ኒርቫና የሚባል ባንድ ነው የሚከፍተው። ለኔ ጩኸት ብቻ ነው። አብሬው ቁጭ ብዬ ልስማ ብል ከየት ልጀምር? (ከገርጂ)

መልስ፦ ጩኸቱን ነጥለው ከሰሙት እውነትም ጩኸት ነው። ቁም ነገሩ ጩኸቱ ከምን ቀጥሎ እንደሚመጣ ነው። ስለዚህ ከኒርቫና በፊት በ1986 ቦስተን ውስጥ ከተመሠረተው ፒክሲስ ይጀምሩ። በ1989 ባወጡት «ዱሊትል» በተባለው አልበም ላይ «ቴም» የሚል ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ዘፈን አለ። እሱን ደጋግመው ይስሙት። በመጀመሪያው ዙር የሚሰሙት ቤዝ ጊታርና ድራም ብቻ ነው፤ ድምፃዊው በሹክሹክታ ነው የሚናገረው። ድንገት ጊታሮቹ ይገባሉ፣ ሹክሹክታውም የጉሮሮ ጩኸት ይሆናል። በሁለተኛው ዙር ሌላውን ሁሉ ትተው ቤዙን ብቻ ይከተሉ። ሌላው እየጮኸም እየተንሾካሾከም ቤዙ ያችኑ አጭር ዜማ ይዞ ይዘልቃል። ጩኸቱን ተሸክሞ የያዘው ይህ ቤዝ ነው። የኒርቫናው ከርት ኮቤይን ዝግ ብሎ ጀምሮ የመፈንዳቱን ዘዴ ከፒክሲስ እንደወሰደ ራሱ ተናግሯል።

ቀጥሎ ኒርቫና ኅዳር 1993 ኒውዮርክ ውስጥ ለኤምቲቪ የሙዚቃ ቴሌቪዥን በአኩስቲክ ጊታር የተጫወተውን ይስሙ። ከ14ቱ ዘፈኖች 6ቱ የሌሎች ሰዎች ሥራ ናቸው። ዲስቶርሽኑ (የኤሌክትሪክ ጊታሩ ሻካራ ድምፅ) በመቀነሱ ዜማው ገላጣ ሆኖ ይወጣል፤ ልጅዎ ምን እንደሚሰማ የሚገባዎት እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻው ዘፈን ከአሜሪካዊው የብሉዝ ዘፋኝ ከሌድ ቤሊ የተወሰደ አሮጌ የሕዝብ ዘፈን ነው። በመጨረሻው ስንኝ ኮቤይን ድምፁን አንድ ኦክታቭ (ስምንት የድምፅ ደረጃ) ከፍ ያደርገዋል፤ ሊያበቃ ጥቂት ቃላት ሲቀሩት ቆም ብሎ ይተነፍሳል። ያን ትንፋሽ ሳይሰሙ እንዳያልፉት።

ከዚያ በኋላ የአር.ኢ.ኤም «ኦቶማቲክ ፎር ዘ ፒፕል» (1992) እና የሬዲዮሄድ «ኦኬ ኮምፒዩተር» (1997) ይከተላሉ። የማይ ብለዲ ቫለንታይንን «ላቭለስ» (1991) ለመጨረሻ ያቆዩት። ጊታሩ እንደ ጉም ድምፃውያኑን ስለሚሸፍናቸው ጆሮ ሳይለምድ ከገቡበት ያስመርራል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ይህን ሙዚቃ ታክሲ ውስጥ ወይም በስልኩ ስፒከር አይስሙ። ዝግ የሚለው ክፍል በሞተር ድምፅ ይዋጣል፤ እሱን ለመስማት ድምፁን ይጨምራሉ፤ የሚፈነዳው ክፍል ሲመጣ ጆሮዎን ይመታዎታል። የስልክ ስፒከር ደግሞ ቤዝ አያወጣም፣ ቤዝ ከሌለ «ቴም» ባዶ ነው።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ ወዳለው 9:30 ክለብ ለመጀመሪያ ጊዜ ልሄድ ነው። ድምፁ ጥርት ብሎ የሚሰማው የት ስቆም ነው? ፊት ለፊት ብሆን ይሻላል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ መንገዱን እናስቀድም። ክለቡ ከጥር 1996 ጀምሮ ያለው 815 ቪ ስትሪት ላይ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮ ባቡሩ ቀይ መስመር ይሂዱና ፎርት ቶተን ላይ ወደ አረንጓዴው ቀይረው ዩ ስትሪት ይውረዱ። በመኪና ከሄዱ አስጀማሪው ባንድ የሚያልፍብዎት ማቆሚያ ሲፈልጉ ነው። እራትዎን አስቀድመው 9ኛ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ይብሉ፤ ክለቡ በእግር የደቂቃዎች መንገድ ነው። ቲኬቱ ላይ «ዶርስ» የሚለው በሩ የሚከፈትበት ሰዓት ነው። አስጀማሪው ባንድ ብዙውን ጊዜ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይወጣል፤ ዋናው ደግሞ ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይቶ። የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ከቤት ሳይወጡ ይዩ።

አዳራሹ 1,200 ሰው ይይዛል፤ ታዳሚው በአብዛኛው ቆሞ ነው የሚያየው፣ ዙሪያውን ደግሞ ሰገነት አለው። ፊት ለፊት መድረኩ ሥር መቆም ለዓይን ጥሩ ነው፤ ለጆሮ ግን መጥፎ ነው። እዚያ የሚሰሙት ድራሙንና የጊታሮቹን አምፕሊፋየሮች በቀጥታ ነው። የድምፃዊው ድምፅ የሚወጣው ግን ከላይ ከተሰቀሉት ሞንታርቦዎች ስለሆነ በጭንቅላትዎ ላይ አልፎ ከኋላዎ ላሉት ይደርሳል። «ዘፋኙ አይሰማም» እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የቆሙት እዚያ ነው።

ትክክለኛው ቦታ የድምፅ ባለሙያው ከሚክሰሩ ጋር የቆመበት አካባቢ ነው፤ ከሱ ፊት ሁለት ሦስት ሜትር ያህል ቀረብ ይበሉ። ባለሙያው እያንዳንዱን መሣሪያ የሚያመጣጥነው በራሱ ጆሮ በሚሰማው ልክ ነውና እሱ የሚሰማውን ለመስማት እሱ አጠገብ መቆም ነው። በሁለት ነገሮች ይጠንቀቁ። ከሰገነት ሥር ገባ ብለው ከቆሙ ቀጭኑ ድምፅ በሰገነቱ ጠርዝ ይከለላል፤ የሲምባሉ (የድራሙ የብረት ሳህን) ድምፅና የቃላቱ ጥራት ይጠፋሉ። ከኋላ ግድግዳ ጋር ከተጠጉ ደግሞ ቤዙ ተጠራቅሞ ሁሉ ነገር ይድበሰበሳል።

የቤዝ ነገር እንዲያውም አንድ እርምጃ ወዲያ ወዲህ ማለት ለውጥ ያመጣበታል። የቤዝ ስፒከሮቹ በመድረኩ ግራና ቀኝ ከተቀመጡ በመሃል መስመር ላይ የሁለቱ ድምፅ እኩል ስለሚደርስ ይደመራል። ወደ አንዱ ጎን ሄደው የርቀቱ ልዩነት 3 ሜትር ገደማ ሲሆን በ60 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ድራሙ ክብደቱን ያጣል። ቤዙ የሳሳ ከመሰለዎት ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ መሃል ይጠጉና ይስሙት።

መሃል ላይ ወጣቶች እየዘለሉ የሚጋፉበት ክብ ሊፈጠር ይችላል። ካልፈለጉት ወደ ጎን ይውጡ፤ ወደ ኋላ ለመውጣት መግፋት ጉልበት ይጨርሳል። ከፈለጉት ሽፍን ጫማ አድርገው ክሩን ሁለቴ ይሰሩት፣ መነጽርና ጉትቻ አውልቀው ኪስ ውስጥ ያስገቡ። የወደቀ ሰው ካዩ ያለ ምንም ማመንታት ያንሱት። ሕዝቡ እየጠበበ ከሄደ ሁለት እጅዎን ከደረትዎ ፊት ያቁሙ፤ መተንፈሻ ቦታ የሚጠብቅልዎት እሱ ነው። ግፊቱ እንደ ማዕበል ሲመጣ አይታገሉት፤ መልሶ ሲላላ በአግድም ወደ ጎን ይውጡ። ይህን የምንለው በከንቱ አይደለም፤ ሰኔ 30 ቀን 2000 ዴንማርክ ውስጥ በሮስኪልዴ ፌስቲቫል ፐርል ጃም የተባለው ባንድ እየተጫወተ ሳለ 9 ሰዎች በግፊያ ሞተዋል።

ዲሲ ካሉ የከተማዋን ፉጋዚን ሳይሰሙ አይቆዩ። ባንዱ ከ1987 እስከ 2002 በመድረክ ቆይቷል፤ ቲኬቱን በ5 ዶላር አካባቢ ለማድረግ ይታገል ነበር፤ በሩንም ለሁሉም ዕድሜ ክፍት ያደርግ ነበር። ሌላውን የሚጎዳ ተጋፊ ሲያዩ ጨዋታውን አቁመው 5 ዶላሩን መልሰው ያስወጡት ነበር። ያሳለፏቸውን ኮንሰርቶች ብዙዎቹን በድምፅ ቀርጸው ስላስቀመጡ ከ800 በላይ የሚሆኑት ከ2011 ጀምሮ በኢንተርኔት ለአድማጭ ቀርበዋል። በእኛ ግምት አንድ ባንድ በመድረክ ላይ እንዴት እንደሚያድግ ለማወቅ የዚህን ያህል የሚያስተምር ክምችት የለም።

ጥያቄ፦ ከኮንሰርት በኋላ ጆሮዬ እስከ ማግስቱ ይጮሃል። ጥጥ ወይም ሶፍት ብጠቀጥቅበት ይረዳል? (ከለንደን)

መልስ፦ አይረዳም። ጥጥና ሶፍት ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ያለዝባሉ እንጂ ጆሮዎን አያድኑም፤ ተከላከልኩ ብለው ይበልጥ ወደ ሞንታርቦው ስለሚጠጉ ጉዳቱ ይብሳል። የጆሮ ጭው ማለት የውስጥ ጆሮ ከአቅሙ በላይ እንደተመታ ምልክቱ ነው፤ በማግስቱ መጥፋቱም ምንም አልተጎዳም ማለት አይደለም።

ለሥራ ቦታ የሚሠራበት ስሌት እንዲህ ነው፦ በ85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው መመሪያ ሙዚቃ የሚቀርብባቸው ቦታዎች አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ጠይቋል። የሮክ ኮንሰርት ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። 15 ዴሲቤል የሚቀንስ የጆሮ መድፈኛ በትክክል ካደረጉ ግን ያው 100 ዴሲቤል ለጆሮዎ 85 ይሆናል።

ርካሹ የስፖንጅ መድፈኛ በቂ ነው፤ ለፋብሪካ ሠራተኞች የደህንነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆችም ይይዙታል። ማሸጊያው ላይ 33 ዴሲቤል ቢልም ሰዎች የሚያገኙት ግማሹን ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ ከጆሮ ውጭ ይቀራል። አገባቡ ይህ ነው። በንጹሕ እጅ በጣቶችዎ መካከል እያንከባለሉ ቀጭንና ሳይታጠፍ ድፍን ያድርጉት። በቀኝ ጆሮ ላይ ሲሆኑ ግራ እጅዎን በራስዎ በላይ አሻግረው የጆሮዎን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳቡት፤ መንገዱ ቀጥ ይላል። ቶሎ ያስገቡትና እስኪነፋ ድረስ ለ30 ሴኮንድ በጣትዎ ደግፈው ይያዙት። ከዚያ በሁለት መዳፍዎ ጆሮዎን ይክደኑ። ድምፁ በብዙ ከቀነሰ መድፈኛው አልገጠመም፤ አውጥተው እንደገና ያስገቡ። ይህን ሁሉ ባንዱ ሳይጀምር ጸጥ ባለ ቦታ ያድርጉት።

ስፖንጁ ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ አብልጦ ስለሚቀንስ ሙዚቃው ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ይህ ካስጠላዎት ከ20 እስከ 40 ዶላር የሚሸጡ፣ ውስጣቸው ማጣሪያ ያለባቸውና ለሙዚቃ የተሠሩ አሉ፤ ድምፁን ሳያዛቡ ከሞላ ጎደል እኩል ዝቅ ያደርጉታል። ሙዚቀኞቹም ቢሆኑ ይህን አይንቁም። ማይ ብለዲ ቫለንታይን በ2008 ወደ መድረክ ሲመለስ በር ላይ መድፈኛ ይታደል ነበር፤ የኮንሰርቱ መዝጊያ ዘፈን መሃል ላይ ከ10 ደቂቃ በላይ የሚዘልቅ የጊታር ማዕበል አለበትና።

አንድ ጆሮዎ በድንገት መስማት ካቆመ ወይም በግልጽ ከደከመ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሕክምናው የሚጠቅመው ቶሎ ሲጀመር ነው።

ጥያቄ፦ የኛን ዜማ ከእንዲህ ዓይነቱ ሮክ ጋር በደንብ ያዋሃደ አለ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አለ፤ ጌታቸው መኩሪያና የሆላንዱ ዘ ኤክስ። ዘ ኤክስ በ1979 አምስተርዳም አካባቢ የተመሠረተ የፐንክ (ፈጣንና ሻካራ ሮክ) ባንድ ነው፤ በ2002 ኢትዮጵያ ድረስ መጥቶ ተጫውቷል። ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከጌታቸው ጋር የሠሩት «ሞአ አንበሳ» በ2006 ወጣ። ጌታቸው ሽለላና ፉከራን በቴነር ሳክስፎን በመጫወት የታወቀ ሰው ነበር፤ አልበሙ ላይ ያለውን ሽለላ ሲሰሙ ልብ የሚሉት ጊታሮቹ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) እያበዙ ዜማውን ለማስዋብ አለመሞከራቸውን ነው። እንደ ከበሮ ይመታሉ፣ ሻካራ ናቸው፣ ለፎካሪው ቦታ ይለቃሉ። አምስት ድምፅ ባለው ቅኝታችን ላይ የፈረንጅ ኮርድ ሲደራረብበት ዜማው ይለዝባል፤ ዘ ኤክስ ይህን ስላላደረጉ ነው ሥራው የተሳካው ብለን እናምናለን። ከአገር ቤት ደግሞ በ2012 «ኤርታሌ»ን ያወጣው ጃኖ ባንድ አለ፤ ወደ ከባዱ ሮክ ያደላ ቢሆንም የዲስቶርሽን ጊታርን ከአገር ዜማ ጋር ለመስማት ጥሩ በር ነው።

ጥያቄ፦ ኮንሰርት ላይ በስልኬ የምቀዳው ድምፅ ሁልጊዜ ይሰነጣጠቃል። ስልኩ ተበላሽቶ ነው? (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ ስልኩ ደህና ነው። የስልክ ማይክ ለንግግር የተስተካከለ ነው፤ ባንዱ ዝግ ሲል ራሱ ድምፁን ከፍ ያደርግና ድንገት ጊታሩ ሲፈነዳ ይጨናነቃል። የመቅጃውን የድምፅ ከፍታ በእጅ ለማስተካከል የሚያስችል መተግበሪያ ይጫኑ፤ ትልቁ ድምፅ የመተግበሪያው የድምፅ መለኪያ ላይ ካለው ቀይ መስመር 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል ያድርጉት። የሚያስተካክሉበት ሰዓት የባንዱ ከፍተኛ ጩኸት ላይ ነው፣ ዝግ ሲል ካስተካከሉት ከንቱ ነው። ዝቅ አድርገውም ከተሰነጠቀ የተጨናነቀው ማይኩ ራሱ ነውና ከሞንታርቦው መራቅ ብቻ ነው መፍትሔው። የስልኩን የታች ጫፍ በመዳፍዎ እንዳልሸፈኑ ያረጋግጡ፤ በአግድም ሲይዙት ብዙ ሰው ማይኩን በትንሿ ጣቱ ይደፍነዋል። ለምስሉ ደግሞ የድምፃዊው ፊት ላይ ጣትዎን ተጭነው ብርሃኑን ይቆልፉና ትንሽ ያጨልሙት፤ አለዚያ የመድረኩ መብራት ፊቱን ነጭ ወረቀት ያደርገዋል። አንድ ዘፈን ሙሉውን መቅዳት አሥር ዘፈን ከመቆራረጥ ይሻላል፤ ከኋላዎ ላለው ሰውም ስልኩን ከግንባርዎ በላይ አያንሱት።