መልስ፦ የውሃ ችግርን ያለ ጽሑፍ በፎቶ መናገር

ወንድሜ፣ «የሰፈራችንን የውሃ ችግር ያለ ጽሑፍ፣ በምልክት ብቻ በፎቶ መናገር ይቻላል ወይ?» ላልከው፣ በደንብ ይቻላል። ኢትዮጵያዊቷ ፎቶ አንሺ አይዳ ሙሉነህ በ2018 እ.ኤ.አ. ንጹህ ውሃ ለማዳረስ ለሚሠራው ድርጅት ለዋተርኤይድ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች እያቸው። አፋር፣ ዳሎል ላይ፣ ገላቸውን ቀለም የተቀቡ ሴቶች ደማቅ ልብስ ለብሰው በዚያ ደረቅ ምድር ላይ ይታያሉ። ችግሩ ይሰማሃል፣ የሴቶቹ ክብር ግን አልተነካም። ድህነትን አሳያለሁ ብሎ ሰውን ማዋረድ እኔን በጣም ያመኛል፤ እሷ ግን ይህን አላደረገችም።

ጅማ ሆነህ ምልክት አታጣም። ባለሦስት እግሩን በርጩማችንን ውሰድና ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት አስቀምጠው። ሰው ሳይሆን ባዶ ቢጫ ጀሪካን ይቀመጥበት፤ አጠገቡ ጀበና በባዶው። ብርሃኑ ሳይከር በጠዋት አንሳው። ሰው ካስገባህ ግን መጀመሪያ አስፈቅድ።