ጥያቄና መልስ፦ የብሮድካስትና የዲጂታል መገናኛ ብዙኃን ሕግ ለምን ይለዋወጣል?

መልስ ሰጪ፦ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። ስለ አንድ ሕግ ከመጠየቃችሁ በፊት የትርጓሜ አንቀጹንና የጸናበትን ቀን አንብቡ።

ጥያቄ፦ ጋዜጣ በብዙ አገር ያለ ፈቃድ እየታተመ ሬዲዮ ፈቃድ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?

መልስ፦ መነሻው የፍሪኩዌንሲ እጥረት ነው። ሁለት ጣቢያዎች በአንድ አካባቢ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ቢያሰራጩ እርስ በርስ ስለሚጠላለፉ፣ መንግሥት ለማን እንደሚሰጥ መወሰን ነበረበት፤ ፈቃድ ያገኘውም በምላሹ የሕዝብን ጥቅም የማገልገል ግዴታ ገባ። አሜሪካ በ1927 እና በ1934 ያወጣቻቸው ሕጎች የቆሙት በዚህ ላይ ነው። የአገሪቱ ብሮድካስት ተቆጣጣሪ የሆነው የፌደራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1949 ጣቢያዎች አከራካሪ ጉዳዮችን ከተለያየ ወገን እንዲያቀርቡ ያስገደደበትን መርሕ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 ሲያጸናው የጠቀሰው ይህንኑ እጥረት ነበር። የመረጃ ምንጮች ሲበዙ ግን ኮሚሽኑ ራሱ በ1987 መርሑን ተወው። የሕጉ ቃል ከመለወጡ በፊት የቆመበት ምክንያት ይለወጣል፤ ተከራካሪዎች ይህን ሲዘነጉት ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ሕጉ ለኢንተርኔት ይሠራል?

መልስ፦ የትኛው ሕግ? የትርጓሜ አንቀጹን ያንብቡ።

ጥያቄ፦ የአውሮፓ ኅብረት ኢንተርኔትን በቴሌቪዥን ሕጉ ያካተተው እንዴት ነው?

መልስ፦ ይህ በደንብ የተጠየቀ ነው። የ1989ኙ መመሪያ የሚመለከተው ቴሌቪዥንን ብቻ ነበር፤ የ2007ቱ ማሻሻያ ተመልካቹ በፈለገው ሰዓት መርጦ የሚያያቸውን አገልግሎቶች ጨመረ፤ የ2018ቱ ደግሞ የቪዲዮ ማጋሪያ መድረኮችን አካተተ። በየጊዜው ትርጓሜው ሰፋ፣ ግዴታው ግን ለሁሉም እኩል አልሆነም።

አንድ አባል፦ እጥረቱ ካበቃ ቁጥጥሩም ማብቃት አለበት።

ሌላ አባል፦ አላበቃም፤ ሕዝብ የሚያየውን የሚወስኑት ጥቂት ኩባንያዎች ሆነዋል።

አንድ አባል፦ ያ የውድድር ሕግ ጉዳይ ነው።

ሌላ አባል፦ የውድድር ሕግ ሕፃናትን ከጎጂ ይዘት አይጠብቅም።

መልስ ሰጪ፦ ክርክራችሁ ከጥያቄው ወጥቷል። ሆኖም የኩባንያዎች ኃይል ለቁጥጥር ምክንያት ከሆነ፣ ሕግ አውጪው ይህን በግልጽ ይናገር እንጂ የፍሪኩዌንሲን ምክንያት አይዋስ። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ያወጣው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ፈቃድ አይጠይቅም፤ በኅብረቱ ውስጥ በወር በአማካይ 45 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ተጠቃሚ ያላቸው መድረኮች የሚያስከትሉትን አደጋ እንዲመዝኑና እንዲቀንሱ ያስገድዳል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሕጉ ለማኅበራዊ ሚዲያ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

መልስ፦ ይህ ከላይ ተጠይቋል። አገሩና ሕጉ ሳይጠቀስ አልመልስም።

ጥያቄ፦ የፈቃድ ክፍያ ስንት ነው?

መልስ፦ የሚመለከተውን ተቆጣጣሪ አካል ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አዲስ ሕግ ሲወጣ በቀድሞው ሕግ የተሰጠ ፈቃድ ምን ይሆናል?

መልስ፦ የሚወስነው የመሸጋገሪያ ድንጋጌው ነው። ብዙ ጊዜ ፈቃዱ ዘመኑ እስኪያልቅ ይጸናል፣ አልያም ባለፈቃዱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ራሱን ከአዲሱ ሕግ ጋር እንዲያስማማ ይታዘዛል። ስለዚህ ሕጉ የጸናበትን ቀን ሳያረጋግጡ ምንም ዓይነት ውል አይፈርሙ።