ለቆ የሚመለስ ትኩሳት

ጥያቄ፦ ከቤተ ክርስቲያናችን አጥር ሥር የሚያድሩ አንድ አባት አሉ። ብርቱ ትኩሳት ይዟቸው ለቀቃቸው፤ ከሳምንት በኋላ ግን ተመለሰባቸው። ወደ መቄዶንያ ብንወስዳቸውስ? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መቄዶንያን ማሰብዎ ደስ አሰኝቶኛል። ቢኒያም በለጠ በወላጆቹ ቤት የጀመረው ይህ ማዕከል ስንቱን አረጋዊና የአእምሮ ሕመምተኛ ከጎዳና አንሥቷል! ነገር ግን አስቀድመው ጤና ጣቢያ ያድርሷቸው። ለቆ የሚመለስ ትኩሳት ግርሻ የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ከወባ የሚለየው በደም ምርመራ ነው።

ግርሻን የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው። በነርስነት ሥራዬ ጎዳና ላይ የሚያድር ሕመምተኛ ሲመጣ በመጀመሪያ የማየው የሸሚዙን ኮሌታና የሱሪውን ወገብ ስፌት ነው፤ ቅማሉም እንቁላሉም የሚደበቁት እዚያ ነው። ልብሳቸውንና ብርድ ልብሳቸውን በፈላ ውኃ ይቀቅሉ። ቅማሉን ግን በጥፍርዎ አይጨፍልቁ፤ ተሕዋሲው ከተጨፈለቀው ቅማል ወጥቶ በተቧጠጠ ቆዳ በኩል ይገባል።

መድኃኒት አለው፤ ይድናሉም። እባክዎ ብቻ ከመድኃኒት ቤት ገዝተው መንገድ ላይ አይስጧቸው። የመጀመሪያውን መድኃኒት በወሰዱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብርቱ መንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ሊከተል ስለሚችል፣ በባለሙያ ዓይን ሥር መቆየት አለባቸው።

ሲሄዱ ሙሉ ቅያሪ ልብስ ይያዙላቸው። የሕክምና ወረቀታቸውንም ያስቀምጡ፤ ማዕከሉን ሲያነጋግሩ ይጠቅማል። ወደዚያ መሄድ ይፈልጉ እንደሆነ ግን ከሁሉ በፊት እርሳቸውን ይጠይቋቸው።