ሐኪም ሳልሆን ቆዳ ማሳደግ እችላለሁን?

ጥያቄ፦ የአዳማ ከተማ ነዋሪ ስሆን ዘንድሮ በአፕላይድ ባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዣለሁ። የአክስቴ ልጅ በሕፃንነቷ የፈላ ውሃ ተደፍቶባት አንገቷና ክንዷ ላይ የቀረውን ጠባሳ እያየሁ ስላደግሁ፣ የተጎዳ አካልን መልሶ የሚያድሰውን ሳይንስ ሙያዬ ማድረግ እፈልጋለሁ። እናቴ ግን «ይህ የሐኪም ሥራ ነው፤ አንቺ ይልቅ ሥራ ፈልገሽ ተቀጠሪ» ትለኛለች። ሕክምናን እንደ አዲስ ልማር ወይስ ባለሁበት ልቀጥል?

መልስ፦ እኅታችን፣ እናትሽ የሚሉት ግማሹ እውነት ነው፤ አዲሱን ቆዳ በቁስሉ ላይ የሚያኖረው ሐኪም ነው። ቆዳው ወደ ሐኪሙ እጅ ከመድረሱ በፊት ያለው ሥራ ግን በአብዛኛው የባዮሎጂና የምህንድስና ሰዎች ነው።

እ.ኤ.አ. በ1975 ሐኪምና ተመራማሪ የነበሩት ሃዋርድ ግሪን፣ ከተማሪያቸው ከጄምስ ራይንዋልድ ጋር ሆነው፣ የሰውን የላይኛ ቆዳ ሕዋሳት ከአይጥ ሕዋሳት ጋር አብሮ በማሳደግ ከሰውነት ውጭ ማባዛት እንደሚቻል አሳዩ። ራይንዋልድ እንዳንቺው የባዮሎጂ ሰው ነበሩ። በ1983 ከ95 በመቶ በላይ አካላቸው የተቃጠለ ሁለት ትንንሽ ወንድማማቾች፣ ከተረፈው ጥቂት ቆዳቸው በተባዛ ቆዳ ሕይወታቸው ተረፈ። ይህ ቆዳ ግን እስከ ዛሬ ያልተፈታ ጉድለት አለው፤ የላብ ዕጢ ስለሌለው አያልበውም። በቀዝቃዛ አገር ላለ ሰው ነገሩ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል፤ እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ከተማ ለሚኖር ግን ገላን የማቀዝቀዝ ጉዳይ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ የሙያ ሕይወትሽን በሙሉ ልትሰጪው የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው።

የምህንድስናው በር ደግሞ ሌላ ነው። በ1993 የኬሚካል መሐንዲሱ ሮበርት ላንገርና ቀዶ ሐኪሙ ጆሴፍ ቫካንቲ ቲሹ ኢንጂነሪንግ ስለሚባለው፣ የሰውነትን ቲሹ (ሕብረ ሕዋስ) ስለሚሠራው ዘርፍ በጋራ የጻፉት ጽሑፍ ብዙዎችን ወደ መስኩ ስቧል። ሐሳቡን በግንባታ ቋንቋ ብንገልጸው፣ ሕዋሳት የሚቆሙበት ርብራብ ኮላጅን ከተባለው የሰውነት ፕሮቲን ወይም በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ ከሚሟሟ ፕላስቲክ ይሠራል፤ ሕዋሳቱ የራሳቸውን ቲሹ ሲሠሩ ርብራቡ ይጠፋል። እርግጥ በሕክምና በር የገቡም አሉ፤ በ2014 በጃፓን ከታማሚዋ ከራሷ ሕዋስ የተገኘ የዓይን ሬቲና ንጣፍ ያስተከሉት ማሳዮ ታካሃሺ የዓይን ሐኪም ናቸው።

ስለዚህ መመዘን ያለብሽ አንድ ነገር ነው፦ ቀንሽን ከታማሚ ጋር ማሳለፍ ትወጃለሽ ወይስ ከሕዋስ ጋር? ከታማሚ ጋር ከሆነ ሕክምና ተማሪ፤ ዓመታቱ ብዙ ቢሆኑም አይባክኑም። በላከሽው ደብዳቤ ግን ስለ ሕክምና ሙያ ራሱ አንድም የጉጉት ቃል አላገኘሁምና፣ ባለሽበት ብትቀጥዪ ይሻላል ባይ ነኝ።

በጅማና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ትምህርት ይሰጣል፤ እዚያው በከተማሽም የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የማቴሪያል ሳይንስ ክፍል ስላለው፣ ስለ ርብራቡ የሚያስተምር መምህር ለመፈለግ ሩቅ አትሄጂም። የባዮሎጂ ተመራቂዎች የሚፈሩትን ሒሳብና ስታቲስቲክስም ከአሁኑ አጠናክሪ። ከሁሉ በፊት ግን የሕዋስ እርባታን በእጅሽ ልመጂ። ሕዋስ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስና 5 በመቶ ካርቦንዳይኦክሳይድ ባለው ኢንኩቤተር ውስጥ ይኖራል፤ ምግቡም በየሁለትና ሦስት ቀኑ ይለወጥለታል፤ በፋሲካ ማግስትም ቢሆን ይጠብቅሻል፤ መብራት ከጠፋም ጄኔሬተሩን አስነሺ ይልሻል።

የማስተርስ ማመልከቻሽን ስትጽፊ ደግሞ ሳይንስን ስለመውደድሽ በማተት አትጀምሪ። የአክስትሽን ልጅ በግንቦት ሐሩር ጠባሳው ላይ ምን እንደሚሰማት ጠይቂያትና፣ የነገረችሽን በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አስፍሪው።