ባለ ሁለት ፕሮሰሰር ኮምፒውተር ላይ ጌም መጫወት፦ ጥያቄና መልስ

ዎርክስቴሽን (ለከባድ ሥራ የተሠራ ኮምፒውተር) ያለው ሰው ከሥራ በኋላ ትንሽ ጌም ልጫወት ሲል ግራ የሚያጋቡት ነገሮች አሉ። እኔ ለዓመታት ባለ ሁለት ሶኬት (ሁለት ፕሮሰሰር የሚሰካበት) ማሽን ላይ ሬንደር ስሠራ፣ ማለትም ከ3ዲ ሞዴል ምስልና ቪዲዮ ሳወጣ ኖሬያለሁ፣ ማታ ማታም ተጫውቼበታለሁ። የተጠየቅኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ሁለት ፕሮሰሰር ካለኝ ጌሙ እጥፍ አይፈጥንም?

አይፈጥንም። ሬንደር ሲሆን ሥራው ተቆራርጦ ለሁሉም ኮር፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ላሉት የሥራ ክፍሎች ሁሉ ይዳረሳል። ጌም ግን ፍሬሙን (ስክሪኑ ላይ የሚታየውን እያንዳንዱን ምስል) የሚያዘጋጀው በቅደም ተከተል ነው። ዋናውን ሸክም ጥቂት ኮሮች ይሸከማሉ፣ የቀሩት እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ከኮር ብዛት ይልቅ የአንዱ ኮር ፍጥነት ይበልጣል።

ጥያቄ፦ የኔ 28 ኮር አለው፤ ግን ጌሙ በየመሃሉ ቆም ቆም ይልብኛል። ምን ሆኖ ነው?

ወንድሜ፣ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር በቅርቡ የተሰካ የራሱ ራም አለው። የሚፈልገው ዳታ ከሌላኛው ፕሮሰሰር ራም ላይ ከሆነ፣ በሁለቱ መካከል ባለው መስመር ተሻግሮ ማምጣት አለበት። ዕቃውን በጓዳው ያጣ ሰው ጎረቤት እንደሚሄደው ማለት ነው። ያገኘዋል፣ ግን ይዘገያል። ይህ አሠራር ኑማ ይባላል። ግራፊክስ ካርዱም የተሰካበት ስሎት ከአንደኛው ፕሮሰሰር ጋር ብቻ ነው የተያያዘው። ጌሙ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ መቆራረጡ ይመጣል።

መፍትሔው ጌሙን አንድ ፕሮሰሰር ላይ ማሰር ነው። ጌሙን ክፈት፣ ታስክ ማናጀር ውስጥ ዲቴልስ የሚለው ጋ ግባ፣ የጌሙን ስም በቀኝ ክሊክ ነክተህ "ሴት አፊኒቲ" በል። ግራፊክስ ካርዱ የተያያዘበትን ፕሮሰሰር ኮሮች ብቻ ተው። ጌሙን ስትዘጋው ይጠፋልና በየጊዜው መድገም አለብህ። ማጭበርበርን የሚከላከል ፕሮግራም ያላቸው አንዳንድ የኦንላይን ጌሞች ይህን አይፈቅዱም። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚገባበት የቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ደግሞ "ኖድ ኢንተርሊቪንግ" የሚል ካገኘህ አጥፋው። እሱ ከበራ ዊንዶውስ የትኛው ራም ለየትኛው ፕሮሰሰር እንደሚቀርብ መለየት አይችልም።

ጥያቄ፦ አንዱን ፕሮሰሰር ነቅዬ ባወጣውስ?

ከጎኑ ያሉት የራም ስሎቶችና አንዳንድ የካርድ ስሎቶች አብረው ሥራ ያቆማሉ። ጌሙን ማሰር ተመሳሳይ ውጤት ስለሚሰጥ ባትነካው እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ፕሮሰሰሮቹን መቀየር እፈልጋለሁ። የትኛውን ትመክረኛለህ?

እህቴ፣ መጀመሪያ ቦርድሽ የሚቀበለውን እዪ። ዚዮን ኢ5 የሚባሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ቪ3 እና ቪ4 የሚባሉት ትውልዶቻቸው አንድ ዓይነት ሶኬት ይጋራሉ፤ ለቪ4 ግን የባዮስ ማሻሻያ ሊያስፈልግ ይችላል። የቪ2 ቦርድ ሁለቱንም አይቀበልም። ቪ2 ሌላም ችግር አለበት፤ ኤቪኤክስ 2 የሚባለው የትእዛዝ ስብስብ የለውም፣ ያለዚያ የማይነሡ አዳዲስ ጌሞች አሉ።

ከዚያ ሥራሽን አስቢ። 2699 ቪ4 22 ኮር አለው፣ መነሻ ፍጥነቱ ግን 2.2 ጊጋኸርዝ ነው። 2667 ቪ4 ኮሩ 8 ብቻ ሆኖ ከ3.2 ይነሣል። የምትሠሪው ረጅም ሬንደር ከሆነ ለጌም ብለሽ ኮርሽን አትቀንሺ። ሥራሽ ያን ያህል ኮር የማይፈልግ ከሆነ ግን ሁለተኛውን ውሰጂ፣ ለሥራውም ቀልጠፍ ይልልሻል።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ ሁለተኛውን ፕሮሰሰር ጭራሽ አያየውም።

የጫንከው ሆም እትም ሳይሆን አይቀርም። ሆም የሚያውቀው አንድ ሶኬት ብቻ ነው። ፕሮ ሁለት ይቀበላል።

ጥያቄ፦ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ብገዛ ፓወር ሰፕላዩ ይችላል?

ዋቱ ብዙ ጊዜ አያንስም፤ የሚያስቸግረው ገመዱ ነው። የነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ ለየት ያለ ስለሆነ እንደ ተራው አውጥተህ በሌላ አትቀይረውም። ከመግዛትህ በፊት ክዳኑን ክፈትና ስንት የካርድ ገመድ እንዳለ ቁጠር። ስሎቱ ራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል፣ ባለ 6 ፒን ገመድ 75፣ ባለ 8 ፒን 150። ደምርና ከካርዱ ፍላጎት ጋር አስተያይ። እባክህ በቀጫጭን መቀየሪያ ገመድ አታሟላው፤ ግሎ ሊቀልጥ ይችላል። የካርዱንም ርዝመት ለካ።

ጥያቄ፦ ያለኝ ኳድሮ (ለሥራ የተሠራው የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ) ነው። ያጫውታል?

ያጫውታል። ለአልፎ አልፎ ከሆነ መቀየር አያስፈልግህም።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር የለኝም። ለጌም ብዬ እንዲህ ዓይነቱን ልግዛ?

ለጌም ብቻ ከሆነ አትግዛ። ሁለት ፕሮሰሰር ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ይሞቃል፣ ፋኑም ይጮኻል፤ ለጌሙ ግን አንዱ ብቻ ነው የሚሠራው። አዲስ ባለ 6 ኮር ፕሮሰሰር በቀላሉ ይበልጠዋል። ለሥራ ብለህ ከገዛኸው ግን ለጌም ሌላ ማሽን አትጨምር። ገንዘብህን ግራፊክስ ካርዱ ላይ አውል፤ ጥራቱን ከፍ አድርገህ በ4ኬ ስክሪን ስትጫወት ዋናው ጫና ካርዱ ላይ ስለሚያርፍ የፕሮሰሰሩ ድክመት ያን ያህል አይታወቅህም።